ጀምበር ብትጠልቅም ሙቀቱ አልሄደም

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን የማታ ኳስ ተጫዋቾችን ይመለከታል። በተለይ ለሥራ ዶራሌ ወርዳችሁ ከወደብ መልስ ሜዳ የምትገናኙ፣ አዳምጡን። የማታ ኳስ ደስ ይላል፤ ከየአገሩ የመጣው ልጅ በአንድ ማሊያ ወንድም ይሆናል።

በጅቡቲ ከግንቦት እስከ መስከረም ቀኑ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማታ ፀሐይ የለችም ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ዶራሌ የባሕር ዳር ነው፤ አየሩ ሲረጥብ ላባችሁ ይንጠባጠባል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ሲደርቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስና ሜክሲኮ ሲጫወቱ ዳኛው ጨዋታውን አቁመው ተጫዋቾቹ ውሃ ጠጥተዋል። እነሱ ካቆሙ እናንተማ!

ቡድኑ እየተመራ «ደክሞኛል፣ ቀይሩኝ» የሚል ጎረምሳ አይገኝም። ስለዚህ እርስ በርስ ተያዩ። ጓደኛችሁን ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው ወይም ጡንቻው ከተሸማቀቀ ነፋስ ወዳለበት አውጡት፤ ጫማና ማሊያውን አውልቁለት፤ ቀስ እያለ ይጠጣ። ኦ.አር.ኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው አይቆለል፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ገላው እንደ እሳት ከተኮሰ ወይም ከወደቀ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ መኪና እስኪገኝ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አትስጡ። ጨዋታውም እዚያው ያቁም፤ ውጤቱ ስንት ለስንትም ይሁን።