ዋጋው ከመድረክ ሲወርድ



እ.ኤ.አ. በሜይ 1995 የቪዲዮ ጌም ኢንዱስትሪ ትልቁ የንግድ ትርኢት፣ በአጭር ስሙ ኢ-ስሪ፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። የሴጋ የአሜሪካ ኃላፊ ቶም ካሊንስኬ ሳተርን የተባለው ኮንሶል ከዚያው ዕለት ጀምሮ በ399 ዶላር እንደሚሸጥ አበሰሩ። ቆየት ብሎ ተራው የሶኒ ሆነ። ስቲቭ ሬስ ወደ መድረኩ ወጡ፣ «299» አሉ፣ ወረዱ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የሶኒው ኮንሶል ፕሌይስቴሽንም አሜሪካ ገበያ ከመግባቱ በፊት ተፎካካሪውን በዋጋ ቀደመው።

ዛሬ ያ መድረክ የለም። ኮንሶል አምራቾች አዲስ ነገር ሲኖራቸው አስቀድመው የቀረጹትን ቪዲዮ በኢንተርኔት ይለቃሉ። ስለዚህ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የድምቀቱ ጉዳይ ነው፦ መብራቱ፣ ጩኸቱ፣ የአዳራሹ ሙቀት። ከዚያ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የገዢው ጉዳይ ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ዋጋውን የሚሰማው መቼና ከማን ነው?

ጁን 10 ቀን 2013 ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ነው። በሎስ አንጀለስ ማይክሮሶፍት ጠዋት ኤክስቦክስ ዋንን በ499 ዶላር አቀረበ። ማታ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ን በ399 ዶላር አቀረበ። ልዩነቱ በዋጋ ብቻ አላበቃም። ማይክሮሶፍት አንዴ የተገዛ ጌም ለሌላ ሰው በሚሸጥበትና በሚሰጥበት መንገድ ላይ ገደብ ሊጥል አስቦ ነበር፤ የሶኒው ጃክ ትሬተን ፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዲህ ያለ ገደብ እንደማይኖር ሲናገሩ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነስቶ ጮኸ። በ9ኛው ቀን፣ ጁን 19፣ ማይክሮሶፍት ሐሳቡን ለወጠ። ሁለት ተፎካካሪዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት ታዳሚ ፊት መቆማቸው ለገዢው ያስገኘው ጥቅም ይህ ነው። ተፎካካሪ ለተፎካካሪ መልስ ሳይሰጥ መዋል አይችልም ነበር።

የሚገርመው ኒንቴንዶ ትልቁን መድረክ የተወው በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ ኒንቴንዶ ዳይሬክት የሚባል ስርጭት አስጀምረው ነበር። ነጭ ግድግዳ ጀርባቸው አድርገው ይቆሙ ነበር፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተው ለተመልካቹ በቀጥታ ይናገሩ ነበር። ምክንያታቸው የሚናቅ አልነበረም። አዳራሹን የሚሞላው ነጋዴ፣ የአክሲዮን ተንታኝና ጋዜጠኛ ነበር፤ ጌሙ የተሠራለት ተጫዋች የሚሰማው ከሁለተኛ ሰው አፍ ነበር። ትርኢቱ ለሕዝብ 15,000 ቲኬት የሸጠው እንኳ ገና በ2017 ነው። በስርጭቱ ግን አዲስ አበባ ያለ የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤትና ቶኪዮ ያለ ተማሪ ዜናውን በአንድ ሰከንድ ይሰማሉ። ይህ እኩልነት ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንዲቀር ሊፈልግ አይገባም።

መድረኩም ቢሆን በራሱ ወጪና ድግስ እየከበደ ሄዶ ነበር። በ2018 ሶኒ ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2ን ለማሳየት ብቻ ቤተ ክርስቲያን መሰል አዳራሽ አሠራ። ጌሙ ታይቶ ሲያበቃ ታዳሚው ተነስቶ ወደ ሌላ አዳራሽ እስኪሻገር ትዕይንቱ ቆመ፤ ቤቱ ሆኖ የሚከታተለው ሕዝብ የስቱዲዮ ውይይት እየሰማ ጠበቀ። በቀጣዩ ዓመት ሶኒ ከኢ-ስሪ ቀረ፤ ስቴት ኦፍ ፕሌይ የተባለውን የራሱን ስርጭት ጀመረ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ የ2020ው ትርኢት ተሰረዘ። ዲሴምበር 12 ቀን 2023 የኢ-ስሪ አዘጋጅ ትርኢቱ ለዘለቄታው ማብቃቱን አስታወቀ።

ሁሉም የሚገናኙበት የቀን ቀጠሮ ሲጠፋ ግን ዋጋም መዘግየት ጀመረ። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ምን እንደሚመስል በጁን ታየ፤ ዋጋው የተነገረው ሴፕቴምበር 16 ነው። ማይክሮሶፍትም የኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን ዋጋ ያሳወቀው በዚያው ወር 9ኛ ቀን ነበር። ክረምቱን ሙሉ የዘርፉ ታዛቢዎች «አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው» ይሉ ነበር። መጠበቅ ለኩባንያ ይመቻል፤ ገንዘብ ለሚያጠራቅም ቤተሰብ ግን አይመችም።

ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ደግሞ ኒንቴንዶ ስዊች 2ን በአንድ ሰዓት ገደማ ስርጭት ዘርዝሮ አስተዋወቀ። በኢትዮጵያ ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ስክሪኑ፣ መቆጣጠሪያው፣ ጌሞቹ ሁሉ ተነገሩ፤ ዋጋው አልተነገረም። የአሜሪካው 449.99 ዶላር በኩባንያው ድረ ገጽና መግለጫ ወጣ፤ ማሪዮ ካርት ወርልድ የተባለው ጌምም 79.99 ዶላር ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ ኩባንያው ጌሞቹን በቀጥታ ሲያሳይ ከቪዲዮው ጎን ያለው የመልእክት መስኮት «ዋጋውን ቀንሱ» በሚል ተጥለቀለቀ። አቅራቢዎቹ መጫወታቸውን ቀጠሉ። በአዳራሽ ቢሆን ኖሮ ያን ድምፅ እንዳልሰሙ ማለፍ አይቻላቸውም ነበር። ኮንሶሉ ጁን 5 በዚያው ዋጋ ለገበያ ቀረበ፤ በ4 ቀን ውስጥም በዓለም ዙሪያ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሽያጩ እንዲህ ከሆነ ኒንቴንዶ አሠራሩን የሚቀይርበት ምክንያት አይታየውም።

ስለዚህ ጥያቄውን ማንሳት ያለባቸው የሚገዙት ናቸው፤ ስለ ጌም የሚጽፉ ጋዜጠኞችም ሊያግዟቸው ይገባል። ጥያቄውም ከባድ አይደለም፦ ዕቃውን የሚያሳየው ስርጭት ዋጋውንም ይናገር። ሊደረግ እንደሚችልም ታይቷል፤ በሴፕቴምበር 2020 የሶኒ ስርጭት ሲያበቃ 499.99 እና 399.99 የሚሉት የፕሌይስቴሽን 5 ዋጋዎች፣ ከሽያጩ ቀን ጋር፣ በስክሪኑ ላይ ወጥተው ነበር።