ሕያው ተዋናይና የማይጠብቀው ሥዕል
(ለትምህርት ቤታችን በዓል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቴያትር ነው፤ ይኸውም ሕያው ሰውና አስቀድሞ የተነሣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአንድ መድረክ አብረው ስለሚጫወቱበት ዓይነት ነው። የቴያትር ክበባችን ከመድረኩ በስተኋላ ሸራ ዘርግቶ ቪዲዮ ለማሳየት አስቧል። ስለዚህ ሌሎች እንዴት እንደሠሩት ማወቅ ይጠቅመናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቀደሙት አንዱ አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊንዘር ማኬይ ነው። በ1914 ዓ.ም. ጌርቲ የምትባል ዳይኖሰር በእጁ ስሎ በሸራ ላይ አስኬዳት፤ እርሱም ጅራፍ ይዞ ከአጠገቧ ቆሞ ያዝዛት ነበር። ፍሬ የወረወረላት ሲመስል ጌርቲ አፏን ከፍታ ትቀልባለች። በመጨረሻም እርሱ ከሸራው ኋላ ይሠወርና የተሳለው ማኬይ በሥዕሉ ውስጥ ብቅ ይላል። ተመልካቹ ጌርቲ የታዘዘች መስሎት ይደነቃል፤ እኔ ግን ታዛዡ ጅራፍ የያዘው ሰው ነው እላለሁ። ፊልሙ መዞር ከጀመረ ማንንም አይጠብቅምና፣ ማኬይ አንድ ቃል ቢዘገይ ጌርቲ ሳትጠየቅ እጅ ትነሣ ነበር።

ይህን ጥበብ ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሱት የቼኮስሎቫኪያ ሰዎች አልፍሬድ ራዶክና ዮሴፍ ስቮቦዳ ናቸው። በ1958 በብሩክሴል በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ «ላተርና ማጊካ» የተባለውን ትርኢት አቀረቡ። ስቮቦዳ 8 የሚንቀሳቀሱ ሸራዎችና ተዋናዩን ከሥዕሉ ጋራ በሰዓቱ የሚያገናኝ ተንሸራታች ወለል አዘጋጀ። አስተዋዋቂዪቱ በመድረክ ቆማ፣ በሸራ ላይ ከሚታዩት ከራሷ ምስሎች ጋራ በልዩ ልዩ ቋንቋ ትነጋገር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ከገዛ ራሷ ጋራ እየተነጋገሩ አለመቀዳደም፣ ያውም በየትርኢቱ!

ሥራው ተወደደ፤ በ1959 በፕራግ ቋሚ ቤት አገኘ። በ1960 ግን ባለሥልጣኖች በማርቲኑ ሙዚቃ የተሠራውን አዲስ ክፍል ከለከሉ፤ ራዶክም ከሥራው ተሰናበተ። ላተርና ማጊካ ያለ መሥራቹ ቀጠለ። በ1977 የተጀመረው «አስደናቂው ሰርከስ» ከ6000 ጊዜ በላይ ታይቷል። በመድረክ የሚጫወቱት ሰዎች በየጊዜው ተለዋውጠዋል፤ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ግን አንድ ቀን እንኳ አላረጁም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። አዝማሪ «ተቀበል!» ሲሉት የሰማውን ይቀበላል፤ ፊልም አይቀበልም። ተመልካቹ ቢስቅ፣ ሕፃን ቢያለቅስ፣ ተዋናዩ ቃል ቢጠፋው፣ ሥዕሉ ጉዞውን ይቀጥላል።

ዛሬ ግን መፍትሔ አለ። ቪዲዮውን በአጫጭር ክፍል ቆርጦ በኮምፒዩተር ማዘጋጀትና እያንዳንዱን ክፍል ተዋናዩ ቃሉን ሲጨርስ ማስነሣት ይቻላል። እንግዲህ ክበባችን ሸራውን ከመግዛቱ በፊት፣ ጆሮው ንቁ የሆነና ከመጀመሪያው ልምምድ ጀምሮ የማይቀር አንድ ተማሪ ለዚህ ሥራ ይምረጥ። እኔን ባትመርጡኝ ደስ ይለኛል፤ መድረኩ ላይ መቆም እፈልጋለሁና።