በረሃው ባዶ ነውን? ስለ አንድ ፊልምና በሁለት ስለ ተከፈሉ ተመልካቾች



ሰው ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ «ደስ ይላል» ወይም «አይረባም» የሚል ነው። ለብዙዎቹ ፊልሞች ይህ ይበቃ ይሆናል። አብረው የገቡትን ወዳጆች ለያይቶ የሚያስወጣ፥ አንዱን ሲያስደንቅ ሌላውን የሚያስቆጣ ፊልም ግን አለ። የዛሬው ንግግራችን እንዲህ ስላለ አንድ ፊልም፥ ይልቁንም ስለ ተመልካቾቹ ክርክር ነው።

ፊልሙ «ክራምብስ» ይባላል፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ያዘጋጀው ሚጌል ያንሶ የተባለ የስፔን ሰው ሲሆን፥ ቋንቋው አማርኛ፥ ዋናዎቹ ተዋንያንም ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ናቸው። በ2007 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ታይቷል። ታሪኩ ዓለም በታላቅ ጦርነት ከጠፋች በኋላ የሚሆን ነው። የተረፉት ጥቂት ሰዎች ከቀድሞው ሥልጣኔ የቀሩትን የፕላስቲክ መጫወቻዎችና ውራጅ ዕቃዎች እንደ ውድ ቅርስ ይሰበስባሉ፤ ዕቃ ገዢውም ለእያንዳንዱ መጫወቻ ታላቅ ታሪክ ይፈጥርለታል። በቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በማይክል ጆርዳን ሥዕል ፊት ጸሎት ሲደረስ ይታያል። በሰማይም ላይ አንድ የጠፈር መርከብ ለብዙ ዘመን ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ይህ መርከብ የመነሣት ምልክት ባሳየ ጊዜ፥ ከሌላ ዓለም የመጣሁ ነኝ ብሎ የሚያምነው ዋናው ሰው ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ ለመፈለግ፥ ፍርሃቱን እንደ ያዘ ጉዞ ይጀምራል። ፊልሙ ሲከፈት የምናየው ምድር በአፋር የሚገኘው የዳሎል በረሃ ነው።

ተመልካቹ የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን «ታሪኩ መነሻና መድረሻ የለውም፤ ሰውየው ማንን እንደሚሸሽና ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ሳይነገረን ከቦታ ወደ ቦታ ይጎትተናል። ደግሞስ አገራችንን የጠፋ ዓለም ምሳሌ ማድረግ ምን ይባላል?» ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ «በረሃው የሰውየው ልብ ነው፤ ያ ሁሉ ጸጥታ የውስጥ ፍርሃቱን ያሳያል። ነገሩ ሁሉ በቃል ከተነገረ ፊልም መሥራት ለምን አስፈለገ?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው።

እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ አገር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ሂሮሺ ቴሺጋሃራ የተባለው የጃፓን ሰው ያዘጋጀውና በ1956 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ፊልም፥ ነፍሳት ለመሰብሰብ ወደ አሸዋ ምድር ሄዶ፥ በጉድጓድ ውስጥ ባለ የአንዲት ባል የሞተባት ሴት ቤት ስለ ታሰረ መምህር ይናገራል። ሰውየው በየቀኑ የሚወርደውን አሸዋ ሲዝቅ ይኖራል። በመጨረሻ መውጫው መሰላል ሳይነሣ ቢቀርለትም ቸኩሎ አልሸሸም፤ ከአሸዋው ውኃ የማጠራቀም ዘዴ አግኝቶ ነበርና። ይህ ሰው ነጻ ወጣ ወይስ ተሸነፈ? እነሆ፥ ክርክሩ ከስድሳ ዓመት በኋላም አላለቀም።

ወደ አገራችን ፊልም እንመለስ። ስለ «ክራምብስ» ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ በሁለት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል የተደረገው ነው። አንደኛው የቦንጋ ተወላጅ ነው። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፥ ዝናብ በማይለየው የካፋ ደን መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ለዚህ ሰው ዛፍ የሌለበት ምድር የሞት ምድር ነው፤ ፊልሙ ሲከፈት ገና ደረቱ እንደ ታፈነ ተናገረ። ሁለተኛው በአፋር ለብዙ ዓመት የሠራ ነው። እርሱ ደግሞ «እኔን ያሳዘነኝ በረሃው ባዶ ሆኖ መታየቱ ነው፤ በዚያ ምድር ሰው አለ፥ ሥራ አለ፥ ገበያ አለ» አለ። አንዱ ፊልሙን አደነቀ፤ ሁለተኛው ነቀፈው። «ዓይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል» እንደሚባለው፥ ዓይናቸው አንድ ምስል ሲያይ ልባቸው የፈረደው ከየራሱ አገር ተነሥቶ ነው።

እውነቱን ለመመርመር ያህል፥ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሥፍራ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን የሰማ ሰው «ማን ይኖርበታል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያው አካባቢ አፋሮች ከመሬቱ ላይ ጨው እየቆረጡ፥ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው እየወጣ፥ አሞሌ ተብሎ ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። ከምንጩ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምር ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደርና በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል የሚወርደው የነጋዴ መንገድ መድረሻው ቦንጋ ነበረ። ስለዚህ የዚያ የቦንጋ ተወላጅ አያቶች በረሃውን በዓይናቸው ባያዩትም በእጃቸው ይዘውታል፤ ቡናና ማር በሚሸጥበት ገበያ ባዶ የተባለው ምድር ፍሬ እንደ ገንዘብ ይቈጠር ነበርና።

ይህ ነገር ከሲኒማ ቤት ውጭም ይከተለናል። በረሃን ባዶ አድርጎ የሚያይ ዓይን ደንንም ባዶ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ከውጭ የመጣ ሰው የካፋን ደን «ሥራ የፈታ ጫካ» ብሎ ቢጠራው ማን ያርመዋል? የአገሩ ሰው ግን «ኮቦ» በተባለው ልማድ መሠረት በዱሩ ውስጥ ያለው ቡና የማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው ዛፍ ላይ ማን ቀፎውን እንደሚሰቅል ያውቃል። ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው ዛፍ ስለ በዛበት ብቻ ሳይሆን፥ ሰውና ዛፍ አብረው የሚኖሩበት ስለ ሆነ ነው። በአንድ ፊልም ላይ የተሳሳተ ሰው ቢበዛ የመግቢያ ዋጋውን ይከስራል። «ባዶ መሬት» በሚል አንድ ቃል ላይ ፊርማውን የሚያኖር ሠራተኛ ግን የሚያከስረው ሌላውን ሰው ነው።

እንግዲህ ፊልሙ መልካም ነው ወይስ መጥፎ? በእኔ አስተያየት ምስሉ ብርቱ ነው፤ የታሪኩ ክር ግን በብዙ ሥፍራ ይላላል። የአፋሩ ወዳጃችን ቅሬታም እውነት አለው፤ አዘጋጁ በረሃውን ለሐሳቡ መጋረጃ አደረገው እንጂ ነዋሪውን አልጠየቀም። የቦንጋው ሰው ፍርሃትም ሐሰት አይደለም፤ ፊልሙ ሊያሳድር የፈለገው ያንኑ ነበርና። ሁለቱ ወዳጆች ፍርዳቸውን አልለወጡም፤ ነገር ግን አንዱ ስለ ደን፥ ሌላው ስለ ጨው ሲያወሩ አመሹ። በፊልሙ ያልተስማሙ ሰዎች የማያውቁትን አገር ተማማሩ።

አድማጮቼ ሆይ፤ ከእንግዲህ ፊልም አይታችሁ ከባልንጀራችሁ ጋር ባልተስማማችሁ ጊዜ፥ «አልገባህም» ከማለት በፊት «ምን አየህ? ከየት ሆነህ አየኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። በጠረጴዛችሁ ላይ ስለማታውቁት አገር ወረቀት ሲቀርብላችሁም ይኸው ጥያቄ ከብዕሩ ይቅደም።