«አላየሁም» ብሎ መጻፍ፦ የጋምቤላ የመስክ ጉዞና የሳይንስ ታማኝነት



የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ለመስክ ጥናት ወደ ጋምቤላ ሊወርዱ ጥቂት ቀናት ቀርቷቸዋል። ስንቅና መድኃኒት፣ አጎበርና አጉሊ መነጽር ተዘጋጅቷል። እኔ የምጨምርላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አላየሁም»።

ከአዲስ አበባ ከፍታ ተነሥቶ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ወደሆነው የጋምቤላ ሜዳ የሚወርድ ተማሪ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በአንድ ጉዞ ያያል። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ የሚያጠጡት ይህ ሜዳ የነጭ ጆሮ ቆርኬ መመላለሻ ነው። እንስሳው ውኃና ለምለም ሣር ተከትሎ በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን መካከል ይጓዛል። ስለዚህ በአንዱ ወር መንጋ የሞላው መስክ በሌላው ወር ጭር ሊል ይችላል።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን በሙቀት ተጉዞ ምንም ያላየ ተማሪ፣ ሪፖርቱ እንዲያምርለት «ቆርኬዎች በብዛት ይገኛሉ» ብሎ ከመጽሐፍ ይገለብጣል። የጻፈው ነገር በጥቅሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንደ መረጃ ግን ሐሰት ነው። በዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ የተመዘገበ ዜሮ ራሱን የቻለ ግኝት ነውና።

ያየነውም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የጎለመሰው ወንድ ቆርኬ ወደ ጥቁር ያደላ፣ ጆሮውና የዓይኑ ዙሪያ ነጭ ነው፤ ሴቷ ግን ቀንድ የሌላት ቡናማ ናት። ለጀማሪ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሊመስሉት ይችላሉ።

አቆጣጠሩንም በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቡድን 10 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ሲጓዝ በግራና በቀኝ መቶ መቶ ሜትር ቢቃኝ፣ የሸፈነው 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። 30 እንስሳት ቢያይ በካሬ ኪሎ ሜትር 15 ይደርሳል። ሣሩ ከደበቃቸው መካከል ያየው ግማሹን ብቻ ከሆነ ግን ትክክለኛው ግምት 30 ነው። የእያንዳንዱን እንስሳ ከጉዞ መስመሩ ያለውን ርቀት የምንለካው ለዚህ ነው፤ ርቀት በጨመረ ቁጥር ስንቱ እንደሚያመልጠን ያሳየናል።

ትልልቆቹ ቁጥሮችም በዚሁ ሚዛን መታየት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በደቡብ ሱዳን በአውሮፕላን የተደረገ ቆጠራ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጓዥ ድኩላ መሰል እንስሳት መኖራቸውን ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ደግሞ ስድስት ሚሊዮን ገደማ አለ። «በረከቱ» ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ጠይቁ፤ የተሸፈነው ስፋት እኩል ነበርን? ወቅቱስ? ዘዴውስ?

የአካባቢው ሰዎች እውቀትም አይዘንጋ። የአኙዋና የኑዌር አባቶችና እናቶች የውኃውን ሙላትና ጉድለት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። የነገሯችሁን ከነተናጋሪው ፈቃድ መዝግቡ፤ ካያችሁት ጋር ግን አትቀላቅሉት። «ሰማሁ» እና «አየሁ» በማስታወሻ ደብተር ውስጥ የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው።

ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። ጉዞው በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ መንገድ ይደረግ፤ ደብተሮቹም ውጤት ከተሰጠ በኋላ ከመጣል ይልቅ በፋኩልቲው ይቀመጡ። ሃያ ዓመት በታማኝነት የተጻፉ የተማሪ ደብተሮች ከተጠራቀሙ፣ የአንድ ሜዳ ታሪክ ይሆናሉ። በመካከላቸው አንድ የተፈጠረ ቁጥር ከገባ ግን የሌሎቹም እምነት ይናጋል። ነጥብ ስንሰጥም ባዶ እጁን ተመልሶ ያንኑ በትክክል የጻፈውን ተማሪ አንቅጣው።

ውድ ተማሪዎች፣ መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ። ያያችሁትን ጻፉ፤ ያላያችሁትንም እንዳላያችሁት ጻፉ።