የኛ ጨረታ አይበላም፦ በስልካችን መሸጥ እንጀምር

(ባለፈው እሁድ በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ ያቀረብኩት ንግግር ነው። እዚያ ላልነበራችሁ ሙሉውን እነሆ።)



«ስለ ሥራ ተናገር» ተብዬ ነው የመጣሁት። ሥራ የሌለው ሰው ስለ ሥራ ይናገር! ሳቁ፣ ችግር የለም፤ እኔም ስጠየቅ ስቄያለሁ። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። የምረቃ ፎቶዬን እናቴ ሳሎን ሰቅላዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ልጄ ኢንጂነር ነው» ትላለች፤ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት እንደቆምኩ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን ለአንድ ክፍት ቦታ ከመቶ በላይ ሆነን ተፈተንን። ስንወጣ የጥበቃው አባት አዘኑልንና «ልጆቼ፣ ለምን ትደክማላችሁ? ሰውዬው እኮ ባለፈው ሳምንት ሥራ ጀምሯል» አሉን። እንዲህ ያለ ነገር ያልገጠመው ከመካከላችሁ አለ? ስምም አውጥተንለታል፤ «የተበላ ጨረታ» እንለዋለን። ይህችን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

የዛሬው ወሬዬ ግን ሲፒኦ ስለማይጠይቅ ጨረታ ነው። አንተ በስልክህ፣ አንቺ በስልክሽ ስለምትከፍቱት ጨረታ።

መቼም ጨረታ ለኛ ባዕድ አይደለም። በንግሥ በዓል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ለስለት የገባ ጥላ ወይም ምንጣፍ ይወጣል። አጫራቹ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አንዱ «አምስት መቶ!» ሲል ሌላው «ስድስት መቶ!» ይላል። «አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ!» ይባልና ይጨበጨባል። ዕቃው በሁሉም ፊት ነው፣ ዋጋውን ሁሉም ይሰማል። የኢንተርኔት ጨረታም ይኸው ነው። ልዩነቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጫራቹ ዕቃውን አልነካውም። በእጁ ቢነካው ያገኝ የነበረውን እምነት አንተ በቃልህ መሙላት አለብህ። በቃ፣ የሥራው ሚስጥር ይህ ነው።

ኢቤይ የሚባለውን ትልቁን የጨረታ ገበያ ሰምታችኋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ፒየር ኦሚድያር የሚባል ፕሮግራመር ነው የጀመረው። መጀመሪያ ላይ ስሙ ኦክሽንዌብ ነበር። ቀድመው ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ! 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ኦሚድያር ራሱ ገርሞት ለገዢው «የማይሠራ መሆኑን አይተሃል?» ብሎ እንደጻፈለት፣ ሰውየውም «የተበላሹትን ነው የምሰበስበው» ብሎ እንደመለሰለት ይተረካል። እዚህ ላይ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛ፣ አንተ ቆሻሻ የምትለውን የሚፈልግ ሰው የሆነ ቦታ አለ። ሁለተኛ፣ ሻጩ ብልሽቱን አልደበቀም። በዓመቱ በ1996 ደግሞ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው በአደባባይ የሚመሰክሩበትን መንገድ ከፈቱ። የማይተዋወቁ ሰዎች የተገበያዩት እንዲህ ነው።

«እሱ የፈረንጅ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ወደ አገራችን ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ተካሄደ። ዳኞች የእያንዳንዱን ገበሬ ቡና የማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ በቁጥር ብቻ እየለዩ ቀመሱ። ከዚያ አሸናፊዎቹ በኢንተርኔት ጨረታ ለዓለም ገዢ ቀረቡ። አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና በአንድ ፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። በኪሎ ሲሰላ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው! ያ ገዢ የከፈለው ምዘናው ንጹሕ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ያገራችን ቡና ድሮም ጣፋጭ ነበር፤ ዋጋውን ያወጣለት ግልጽ የሆነ ጨረታ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ከዚህ ሆኖ ኢቤይ ላይ መጀመር የክፍያውና የመላኪያው ጣጣ ብዙ ነው። ለጀማሪ የቴሌግራም ቻናል ይበቃል። ቻናልህን ከመወያያ ግሩፕ ጋር አገናኘው፤ በየፖስቱ ስር ኮሜንት ይከፈታል። ተጫራች ዋጋውን እዚያ ይጽፋል፣ ሰዓቱም አብሮ ይታያል።

ምን ትሸጣለህ? ገንዘብ ተበድረህ ዕቃ አትግዛ! ከቤትህ ጀምር። እኔ የጀመርኩት በግቢ ትምህርቴ በተጠቀምኩበት ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ነው። ለጨረታ የሚሆነው ቁርጥ ዋጋ የሌለው ዕቃ ነው፦ ያገለገለ፣ የቆየ፣ በእጅ የተሠራ፣ እንደ ልብ የማይገኝ። ሱቅ ሁሉ የሚሸጠውን አዲስ ቻርጀር ለጨረታ ብታወጣው ማንም አይጫረትም፤ ዋጋውን ሰው ያውቀዋላ።

ፎቶውን በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አንሳ። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። ጭረት ካለው ጭረቱን አቅርበህ ለብቻው አንሳው። የካልኩሌተሬ ክዳን ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁን መጀመሪያ ላይ ነው የለጠፍኩት። ገዢው ሲመጣ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ስንጥቁን ስላሳየኸኝ ነው ሌላውን ያመንኩህ።» በ200 ብር ተነስቶ በ650 ወጣ።

ከፎቶው ስር ሕጉን ጻፍ፤ አጭርና ግልጽ ይሁን፦

መነሻ ዋጋው ስንት ነው? ዝቅ ሲል ሰው ይሰበሰባል፤ ግን በዚያ ዋጋ ቢሸጥ የማይቆጭህ ይሁን። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ በመነሻው ትሸጥለታለህ፣ ማጉረምረም የለም።

ጭማሪው በስንት ነው? 50 ወይም 100 ብር ብለህ ወስን። አንድ አንድ ብር እየጨመረ የሚያደክም አይጠፋም።

መቼ ይዘጋል? እኔ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው የምዘጋው፤ ሰው ራቱን በልቶ ስልኩን የሚያይበት ሰዓት ነው። በመጨረሻዋ ደቂቃ ዘው ብሎ የሚነጥቅ ስላለ «በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ዋጋ ከተጨመረ 5 ደቂቃ ይራዘማል» የሚል ጨምርበት። ኮሜንቱን ያጠፋ ከጨረታው ይወጣል በል።

ክፍያና ርክክብስ? በቴሌብር ወይም በባንክ። ወንድሜ፣ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም! ፎርጅድ የሚሠሩ አሉ። የራስህን አካውንት ከፍተህ ብሩ መግባቱን ሳታይ ዕቃ ከእጅህ አይውጣ። እህቴ፣ አንቺም ርክክቡን በቀን፣ ሰው በበዛበት ቦታ አድርጊው፤ የባንክ ቅርንጫፍ በር ጥሩ ነው። የማታውቂውን ሰው ቤትሽ አትጥሪ።

የማይሸጥም አለ። የብራና መጽሐፍ፣ የጥንት መስቀል፣ ከአያት የወረደ ቅርስ ቢያመጡልህ እጅህን ሰብስብ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ነው፤ ከአዋጁም በላይ ያንተ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2013 ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎች እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ በኤምባሲያችን ጥያቄ ከጨረታው ወጡ፣ በኋላም ለአገራችን ተመለሱ። ሌላው ከውጭ እየተሟገተ ሲመልስ እኛ ከውስጥ በቴሌግራም አንበትንም። ሥራህ ዘወትራዊ ንግድ ሲሆን ደግሞ የግብር ከፋይ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጣ። ሕጋዊ ሆነህ ስትሠራ ደረትህን ነፍተህ ትናገራለህ።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ይህን ለመናገር አፍሬ ነበር፤ ግን ሳልናገር ብሄድ ንግግሬ ሁሉ ውሸት ይሆናል።

እትዬ የምላቸው ጎረቤታችን የሟች ባለቤታቸውን የሲንጀር ስፌት መኪና እንድሸጥላቸው ሰጡኝ። ከሽያጩ አሥር በመቶው የኔ ነው ተባባልን። በ4,000 ብር አስነሳሁት። ከብዙ ተጫራች መሃል አንዲት ልጅ ቀረች፤ በቴክኒክና ሙያ ልብስ ስፌት ተምራ ሥራ ያጣች፣ የራሷን መጀመር የምትፈልግ። 6,200 ላይ ቆመ። ጓደኛዬን በውስጥ መስመር «እስቲ ትንሽ ግፋት» አልኩት። በሌላ ስም ገብቶ 6,800 አለ። ልጅቷ 7,000 አለች። እዚያ ላይ ብናቆም እንኳ አንድ ነገር ነበር። አላቆምንም። 7,300 አለ። ልጅቷ ዝም አለች። 3 ሰዓት ሞላ። ጓደኛዬ «አሸነፈ»፤ ስፌት መኪናው እቤቴ ቀረ።

በማግስቱ ልጅቷን «አሸናፊው ስለተወው በ7,000 ውሰጂው» ብዬ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ፦ «ለሥራ ስወዳደር ቦታው ቀድሞ ተይዞ ነው የማገኘው። እናንተም እዚህ አመጣችሁት?» አወቀችብኝ። ያ የጓደኛዬ ስም ከዚያ በፊት የትም ጨረታ ላይ ታይቶ አያውቅም ነበር፤ እሷ አስተውላለች።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። የጥበቃው አባት ትዝ አሉኝ። ያ ባለሥልጣን የራሱን ሰው አስቀድሞ አስቀምጦ መቶ ልጅ አስፈተነ ብዬ ሁለት ዓመት ስረግም፣ እኔ ደግሞ በሰማንያ ሰው ቻናል ያንኑ ሠራሁ። ልዩነታችን የወንበሩ ትልቅነት ብቻ ነበር። እኔን እዚያ ወንበር ላይ ቢያስቀምጡኝ ምን አደርግ ነበር?

ጠዋት እትዬ ዘንድ ሄጄ እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ባለቤቴ በዚህች መኪና ሰው አታሎ አያውቅም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቻናሌ ላይ ያደረግኩትን ሁሉ ጻፍኩ፤ ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኩ። ስፌት መኪናውን በ6,200 እንድትወስድ ብለምናት እሺ አላለችም። ከሰማንያው ሰው ወደ ሠላሳ ገደማው ጥሎኝ ወጣ። ከወር በኋላ መኪናው በ5,700 ተሸጠ። የጎደለውን 500 ብር ከኪሴ ሞልቼ ለእትዬ 6,200 ሰጠኋቸው፣ አሥር በመቶውንም ተውኩት።

ዛሬ ቻናሉ ላይ በየጨረታው ስር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሻጩም ወዳጆቹም አይጫረቱም።» ቀስ በቀስ ሰው እየተመለሰ ነው። ሀብታም አልሆንኩም፤ አንዳንድ ወር የካርድና የትራንስፖርት ይሸፍንልኛል፣ አንዳንድ ወር ደግሞ ለቤት የሚሆን ዘይትና ስኳር ይዤ እገባለሁ። ሥራ መፈለጌንም አልተውኩም። ግን አሁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ አልገባም።

ወገኖቼ፣ «አገር እንለውጣለን» ስንል ብዙ ጊዜ ትልቁን ወንበር ነው የምናየው። ጥሩ ነው፣ እንየው። ነገር ግን ያልተበላ ጨረታ ምን እንደሚመስል በስልካችን ማሳየት ካልቻልን፣ ነገ በወንበሩ ምን ልናሳይ ነው?

የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁን ዙሩ። ዓመት ሙሉ ያልነካችሁትን አንድ ዕቃ አውጡ። አቧራውን ጥረጉ፣ ነገ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱት። ጉድለቱን መጀመሪያ ጻፉ። ከዚያ መነሻ፣ ጭማሪ፣ መዝጊያ ሰዓት። የመጀመሪያ ጨረታችሁ ስንት እንዳወጣ በኮሜንት ንገሩኝ፤ 50 ብርም ቢሆን እናጨበጭባለን። የተታለለ ካለም ይንገረን፣ ሌላው እንዲማር።

በርቱ!