«እየነዳህ ነው?»

የዛሬው ወጋችን ጅዳና መካ ውስጥ በሾፌርነት ለሚሠሩ ወንድሞቻችን ነው። ከእነሱ ይልቅ ግን ከአገር ቤት ስልክ ለምንደውልላቸው ለእኛ ነው።

የሳዑዲ ዓረቢያና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፤ የደቂቃ ልዩነት እንኳ የለውም። ለናፈቀ ሰው ይህ መልካም ነገር ነው። ችግሩ፣ ደሴ ያለች እናት ከሥራዋ አረፍ ብላ «እስኪ የልጄን ድምፅ ልስማ» የምትልበት አመሻሽ፣ ልጇ ጅዳ ላይ የአሠሪዎቹን ልጆች ጭኖ በተጨናነቀ መንገድ የሚነዳበት ሰዓት መሆኑ ነው። በረመዳን ደግሞ ያ ሰዓት ሁሉም ለኢፍጣር ቤቱ ለመድረስ የሚጣደፍበት ነው።

የቤት ሾፌር ስልኩን ዘግቶ ልሥራ ቢል አይሆንለትም። ማዳም «ወይንክ?» (የት ነህ?) ብላ ትደውላለች፣ ሎኬሽን ትልካለች፣ በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ታስቀምጣለች። በዚያ ላይ ኢሞው ከአገር ቤት ይጮኻል።

ከጅዳ መካ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ ለፍጥነት ይጋብዛል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ማን እንደደወለ ለማየት ለሦስት ሰከንድ አንገቱን ቢደፋ፣ 100 ሜትር ያህል መንገዱን ሳያይ ነዳ ማለት ነው። ፊቱ ያለው የዑምራ ተጓዦች አውቶቡስ ፍሬን ለመያዝ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል።

የሳዑዲ ትራፊክ ይህን ጥፋት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በካሜራ ይቆጣጠራል። እየነዳ ስልክ በእጁ የያዘ ሰው ከ500 እስከ 900 ሪያል ይቀጣል፤ ሙኻለፋው፣ ማለትም ቅጣቱ፣ አብሽር በሚባለው የመንግሥት መተግበሪያ ከች ይላል። ሰው ከሞተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በስህተት ለጠፋ ነፍስ የሚከፈለው የደም ካሳ፣ ዲያ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100 ሺህ ወደ 300 ሺህ ሪያል ከፍ ብሏል። በወር ደመወዙ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስደተኛ ይህን ከየት ያመጣል? ገንዘቡስ በመዋጮ ይገኝ እንበል፤ የጠፋውን ሕይወት ማን ይመልሳል?

«እኔ ብሉቱዝ አለኝ፣ እጄ ከመሪው አይነሳም» የሚሉ ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ስልክ እየተጠቀመ የሚነዳ ሰው ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ አራት እጥፍ ያህል ነው፤ እጅን ነፃ የሚያደርገው መሣሪያም ያን ያህል አያድንም። ምክንያቱ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ አብሯቸው ከተሳፈረ ወዳጅ ጋር የሚያወሩ ሾፌሮች አብዛኞቹ መውጫቸውን አልሳቱም። በስልክ ሲያወሩ ከነበሩት ግን ግማሽ ያህሉ አልፈውት ሄደዋል። አብሮ የተሳፈረ ሰው መንገዱን ያያል፤ መንገዱ ሲጨናነቅ ዝም ይላል፣ «ተጠንቀቅ» ይላል። ደሴ ሆኖ የሚያወራው ግን ምኑን አይቶ ዝም ይበል?

አንዳንዱ ታዲያ «እሱ ለምን ያነሳዋል?» ይል ይሆናል። ስደተኛ የሚያነሳው ስለሚፈራ ነው። ያለወትሮው ሰዓት ከአገር ቤት ሲደወል መጀመሪያ የሚመጣለት «እናቴ ምን ሆና ይሆን?» የሚለው ነው። ከዚህ ፍርሃት ጋር እየነዳ ስልኩን ዝም ብሎ ማሳለፍ ከባድ ነው። ቢያሳልፈውም «ባሕር ተሻግሮ ናቀን» ይባላል ብሎ ይሳቀቃል።

ወላጆቻችን በዚህ ረገድ ትልቅ ጥበብ ነበራቸው። መርዶ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ሐዘንተኛው ቤቱ እስኪገባ ይጠበቃል፣ ጎረቤትና ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሲነጋጋ ነው የሚረዳው። ቢወድቅ የሚደግፈው፣ ደረቱን ቢመታ እጁን የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። ዛሬ ግን ይህንኑ መርዶ ብቻውን መሪ ለጨበጠ ሰው በስልክ እናፈርጥበታለን። የገንዘብ ጭቅጭቁንም፣ የባልና ሚስት ኩርፊያውንም እንዲሁ።

እንግዲህ ከአገር ቤት የምትደውሉ ወገኖች፣ ከሰላምታ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀድሙ፤ «እየነዳህ ነው?» አዎ ካለ «ስትቆም ደውል፣ ሁላችንም ደህና ነን» ብላችሁ ዝጉ። ክፉ ወሬ ካለ፣ አብሮት ለሚኖር ጓደኛው ደውሉና እንደ አባቶቻችን ወግ ቤቱ ገብቶ፣ ሰው ከብቦት ይስማ። ስልኩን ሳያነሳ ሲቀርም አትቀየሙት፤ ለነፍሱ እየተጠነቀቀ ነውና።

እናንተም ሾፌር ወንድሞቻችን፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሎኬሽኑን አስተካክሉ፣ ስልኩን ከእጃችሁ አርቁ። የግድ ማውራት ካለባችሁ በአውራ ጎዳናው ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ እስከሚቀጥለው ማደያ ታገሡና እዚያ አቁማችሁ ደውሉ። ለቤተሰባችሁም የሥራ ሰዓታችሁን ዛሬውኑ ንገሩ፤ መቼ እንደምትነዱና መቼ እንደምታርፉ ይወቁት። ናፍቆቱ እስከ ዕረፍት ሰዓት መቆየት ይችላል። ሰላም ግቡ።