ከጁባ ሰማይ በላይ የሚወርደው አመዳይ



በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር አለ፤ ትርጓሜውም በጁባ ዓረብኛ «ቁጥር ሦስት» ማለት ነው። በዚያ ሰፈር የሚያድግ ሕፃን የረጋ ውሃ የሚያውቀው ከማቀዝቀዣ ሣጥን ሲወጣ ነው። «ከቤትህ በላይ ጥጥ የመሰለ አመዳይ ይወርዳል» ቢሉት መምህሩ የሚቀልድበት ይመስለዋል። ነገሩ ግን እውነት ነው። በዝናቡ ወራት የቆርቆሮውን ጣሪያ የሚደበድበው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀደም ብሎ በደመናው ከፍታ ላይ አመዳይ ነበረ። የዚህ ንግግር ዓላማ ያ አመዳይ ከጁባ ምድር ስለ ምን እንደማይደርስ፥ በሌላው አገር ደግሞ አንድ ዓመት ተትረፍርፎ በሌላው ዓመት ስለ ምን እንደሚጠፋ፥ ከዚህም ዕውቀት ትምህርት ቤት ምን ጥቅም እንደሚያገኝ መግለጽ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ወሮቹ በኢትዮጵያ ስማቸው ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በተለምዶ አማርኛ «በረዶ» በሚለው በአንዱ ቃል ብዙ ነገር ይጠራል፤ ከነጐድጓድ ጋራ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፥ በማቀዝቀዣ የረጋው ውሃም፥ በብርድ አገር ምድሩን የሚያለብሰውም ሁሉ በረዶ ይባላል። ለዚህ ለመጨረሻው «አመዳይ» የሚለው ስም ይስማማዋል። ጠጠሩ የሚፈጠረው ወደ ላይ የሚገፋ ብርቱ ነፋስ የውሃውን ጠብታ እያነሣ በብርዱ ውስጥ ሲያጠነክረው ነው። አመዳይ ግን የሚፈጠረው ከዜሮ ዲግሪ በታች በቀዘቀዘ ደመና ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ረጋ ቅንጣት ሲለወጥ ነው፤ ስለዚህም ቅንጣቱ ባለ ስድስት ማዕዘን፥ ቀላልና ለስላሳ ይሆናል።

አየር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ጁባ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ስለ ሆነች፥ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወሰን በላይ አመዳይ የነበረው ወሰኑን አልፎ ሲወርድ ይቀልጣል፤ ወደ ምድር የሚደርሰውም ዝናብ ሆኖ ነው። እንግዲህ ምድር አመዳይ እንድትለብስ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ አንደኛው ርጥበት ተሸክሞ የሚመጣ ነፋስ፥ ሁለተኛው ቅዝቃዜው እስከ ምድር የሚወርድበት ከፍታ ወይም ወራት ነው።

በኢትዮጵያ የሰሜን ተራራዎች ይህን ወሰን ይነካሉ፤ የራስ ዳሸን ከፍታ ከ4,500 ሜትር ይበልጣልና። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት በአዱሊስ አይቶ የገለበጠው የድንጋይ ጽሕፈት፥ የአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ጭፍሮች በሰሜን ተራራዎች ላይ እስከ ጕልበት የሚደርስ አመዳይ እንዳገኙ ይናገራል። በዛሬው ዘመን በዚያ ተራራ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቈይ አመዳይ የለም፤ አልፎ አልፎ ይወርዳል፥ ፀሐይም ሲያገኘው ይጠፋል።

ወደ ጁባ የሚቀርበው የአመዳይ ተራራ ግን በኡጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ የሚገኘው ሩዌንዞሪ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ 5,109 ሜትር ነው። ከዚያ የሚቀልጠው ውሃ በሴምሊኪ ወንዝ በኩል ወደ አልበርት ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁም ወጥቶ በጁባ አጠገብ ያልፋል። ወንዙ በጁባ በኩል ሲያልፍ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፤ የተራራው ወንዝ ማለት ነው። በእርግጥ ከወንዙ ውሃ የአመዳዩ ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው፤ ወንዙን የሚሞላው የሐይቆቹ አገር ዝናብ ነው። ቢሆንም ተራራውና ከተማው በአንድ የሰማይ ሥርዓት ይተዳደራሉ።

ይህ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ከሰሜንና ከደቡብ የሚመጡት ነፋሶች በምድር ወገብ አካባቢ ይገናኛሉ፤ በተገናኙበትም ርጥቡ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ደመናና ዝናብ ይሆናል። ይህ የዝናብ መቀነት የፀሐይን መንገድ ተከትሎ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በሩዌንዞሪ ላይ ሁለት ጊዜ ስለሚያልፍ ተራራው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሁለት ዋና የዝናብ ወራት አሉት፤ በጫፉም ላይ አመዳዩ በብዛት የሚወርደው በእነዚሁ ወራት ነው። ወደ ጁባ ሲደርስ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ያዘንባል፤ ወደ ሰሜን ሲገፋም የኢትዮጵያን ክረምት ያመጣል። በብርድ አገር ግን አመዳይ የሚጠራቀመው በቀዝቃዛው ወራት ነው፤ ማዕበል በመጣ ቍጥር ንብር በንብር እየተደረበ እስከ ጸደይ ይቈያል።

የበረዶ ሸርተቴ የሚጫወቱ አገሮች ኑሮ በዚህ ንብር ላይ የቆመ ነው። የሰላማዊው ውቅያኖስ ውሃ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይባላል፤ ሲቀዘቅዝም ላ ኒኛ። በኤል ኒኞ ጊዜ የማዕበሎቹ መንገድ ስለሚዛወር የሰሜን አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ብዙውን ጊዜ ሞቅ ብሎ አመዳዩ ይቀንሳል፤ በላ ኒኛ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይበረክታል። በ2010 በቫንኩቨር የተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ዓመት ኤል ኒኞ ስለ ነበረ ከከተማው አጠገብ ያለው የሳይፕረስ ተራራ አመዳይ አጥቶ፥ በመኪናና በሄሊኮፕተር እየተጫነ እስከ መምጣት ደርሶ ነበር። ራቅ ብሎ በሚገኘው በዊስለር ግን አመዳይ አልታጣም ነበር። ከ2006 ጀምሮ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ በመወከል የመጀመሪያው የሆነው ሮቤል ተክለማርያም የሮጠው በዚያው በዊስለር ነው። አንድ ማዕበል ወይም አንድ ብርድ ብቻውን ወራቱን አይወስንም፤ ባሕሩ፥ ነፋሱና የቦታው አቀማመጥ አንድ ላይ ሆነው ይወስኑታል።

ጁባም የራሷ ውቅያኖስ አላት ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ እርሱም የሕንድ ውቅያኖስ ነው። በ2019 መጨረሻ የዚህ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከምሥራቁ ይልቅ አብልጦ ስለ ሞቀ በምሥራቅ አፍሪካ ብርቱ ዝናብ ወረደ፤ ደቡብ ሱዳንም በጐርፍ ተጥለቀለቀች፤ በ2020ም የቪክቶሪያ ሐይቅ እጅግ ከፍ አለ። በ1961 መጨረሻም ይህን የመሰለ ዝናብ ወርዶ፥ እስከ 1964 ድረስ ሐይቁን ሁለት ሜትር ያህል ከፍ አድርጎት ነበር፤ ከጁባ በታች ያለው የሱድ ረግረግም እጅግ ሰፍቶ ነበር።

እነሆ፥ ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት በር ደረሰ። የዝናቡ መቀነት ወደ ጁባ ከመድረሱ በፊት፥ በየካቲትና በመጋቢት፥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐይም ወደ ሰሜን እየተጓዘች በመጋቢት መጨረሻ በከተማይቱ አናት ላይ ትደርሳለች። በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በየካቲት 2025 ደግሞ በጁባ ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን እየሳቱ ስለ ወደቁ ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት እንዲዘጉ ታዘዘ። ብዙዎቹ የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነውና የሙቀቱ ነገር ሊያስደንቅ አይገባም። የሸርተቴው ባለሙያ አመዳይ ሳይወርድ በሩን አይከፍትም፤ የትምህርት ወራት ግን ሰማዩ ሳይጠየቅ ሲወሰን፥ ዕዳውን የሚከፍለው በሙቀቱ ውስጥ የተቀመጠው ሕፃን ነው።

እርግጥ የትምህርትን ወራት መለወጥ ቀላል ነገር አይደለም። የረጅሙ ዕረፍት ጊዜ ወደ ሙቀቱ ወራት ቢዛወር ፈተናውም፥ የመምህሩም ሥራ፥ የወላጁም ኑሮ አብሮ ይታወካል፤ በዝናቡ ወራትም ብዙ መንገድ በጭቃ ይዘጋል። ስለዚህ ውሳኔው በግምት ሳይሆን በልክ መሠረት ላይ መቆም ይገባዋል። ልኩንም መምህሩ ራሱ ከተማሪዎቹ ጋራ ሊጀምረው ይችላል። ጐኑ ቀጥ ያለ አንድ ጣሳ በገላጣ ቦታ ማስቀመጥ፥ በየማለዳው የተጠራቀመውን ውሃ በሚሊሜትር መለካት፥ በክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ሰቅሎ በቀትር ማንበብ፥ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የአንድ ዓመት መዝገብ ታሪክ ይናገራል፤ የዐሥር ዓመት መዝገብ ግን ልማዱን ከድንገተኛው ይለያል።

ከንግድና ከሆቴል ሥራ ጋራ ወደ ጁባ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። የደጋ ልጅ በዚያ ሙቀት መካከል ቆሞ የሰሜንን ውርጭ ሲያስታውስ ሁለቱ ምድሮች የማይተዋወቁ ይመስሉታል። የሚያስተዋውቃቸው ያ መቀነት ነው። በኒምራ ታላታ የሚማረው ሕፃን በመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ ጣሳውን ይዞ ሲወጣ፥ የሚለካው ውሃ ከሰፈሩ በላይ በአምስት ሺህ ሜትር ከፍታ አመዳይ የነበረ መሆኑን መምህሩ ይንገረው። ያን ጊዜ አንጋጦ ወደ ደመናው ይመለከታል፤ የተመለከተውንም በመዝገቡ ይጽፋል።